የሮማይስጥ ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት፤ ከታሪኩ የሚገኝ ምክር

የጥንት ቋንቋ የአባቶች ሀብት ነው። ሀብትም በሣጥን ተቈልፎ ከሚቀመጥ ይልቅ በሥራ ላይ ሲውል እንደሚበረክት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ስለ ጥንት ቋንቋዎች ትምህርት ምክር በሚደረግበት ጊዜ ሁለት ዐይነት አሳብ ወዲያው ይነሣል። አንዱ ወገን በዐዋጅ ግዴታ ይሁንና ተማሪ ሁሉ ይማረው ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ የሚናገረው ሕዝብ የሌለ ቋንቋ ጊዜና ገንዘብ ይፈጃልና ይቅር ይላል። ሁለቱም አሳቦች አዲስ አይደሉም። የላቲን ቋንቋ፥ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሮማይስጥ የሚሉት፥ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሲኖር በሁለቱም ተፈትኗል። ስለዚህ የዚህን ቋንቋ የትምህርት ታሪክ መመልከት ትምህርት ቤት ለሚያስተዳድሩ ባለሥልጣኖችም፥ መጻሕፍትን ለሚጠብቁ ካህናትም የሚጠቅም ይሆናል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ላቲን በመጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከትምህርቶች አንዱ ሳይሆን የትምህርት ሁሉ አንደበት ነበረ። በኢጣልያ የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ 1088 ዓ.ም. ነው ተብሎ በልማድ ይቈጠራል፤ የፓሪስና የኦክስፎርድ ትምህርት ቤቶችም በ12ኛው መቶ ዓመት እየሰፉ ሄደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በነዚህ ስፍራዎች የሕግ፥ የሕክምና፥ የፍልስፍናና የመለኮት ትምህርት የሚሰጠው በላቲን ብቻ ነበረ። ተማሪው ገና በልጅነቱ የዶናቱስን ትንሽ የሰዋስው መጽሐፍ በቃሉ አጥንቶ ይመጣል፤ ከገባም በኋላ ከሰባቱ ጥበባት ፊተኛ የሆነውን ሰዋስውን፥ በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቍስጥንጥንያ ያስተምር ከነበረው ከፕሪስኪያኖስ መጽሐፍ ይቀጽላል። በ1215 ዓ.ም. ለፓሪስ መምህራን የወጣው ሥርዓትም ይህ መጽሐፍ እንዲነበብ ያዝዛል።

በዚያም ዘመን ቢሆን ላቲን የማንም የእናት ቋንቋ አልነበረም። በጀርመን አገር ዩኒቨርሲቲዎች፥ በተማሪዎች መካከል እየዋለ በአገሩ ቋንቋ የሚናገረውን በስውር ሰምቶ ለአለቃ የሚያመለክት ሰው ይሾም ነበር፤ ስሙም በላቲን ሉፑስ፥ ማለት ተኵላ ይባል ነበር። በተኵላው የተያዘ ተማሪ መቀጫ ይከፍላል። ይሁን እንጂ ቋንቋውን ለብዙ መቶ ዓመታት ያቆየው ተኵላው ብቻ እንዳልነበረ ማስተዋል ይገባል። ላቲን ያላወቀ ሰው የሕግ መጽሐፍ አንብቦ ዳኛ መሆን፥ የመድኃኒት መጽሐፍ አንብቦ ሐኪም መሆን፥ ከሌላ አገር ሊቅ ጋራም መከራከር አይችልም ነበር። ተማሪውን የሚያስገድደው ከመቀጫው ይልቅ የገዛ ሥራው ነበረ።

የዚህም ጥቅም ታላቅ ነበረ። የፖላንዱ ኮፐርኒከስ በክራኮው፥ በቦሎኛና በፓዱዋ ተምሮ በ1503 ዓ.ም. በፌራራ የሕግ ዶክቶርነት ማዕርግ ሲቀበል በሄደበት ሁሉ አዲስ የትምህርት ቋንቋ መማር አላስፈለገውም፤ በ1543 ዓ.ም. ስለ ሰማይ አካላት ዙረት ያሳተመውም መጽሐፍ በላቲን ስለ ሆነ በሁሉ አገር ተነበበ። ለባዕድ ሰውም ቢሆን በሩ አልፎ አልፎ ይከፈት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት በስፓኝ አገር በግራናዳ ከተማ ሁዋን ላቲኖ የተባለ ጥቍር ሰው፥ በባርነት ከኖረበት ከመሳፍንት ቤት ወጥቶ የላቲን መምህር እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1573 ዓ.ም. በላቲን ግጥም የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ራሱን ኢትዮጵያዊ ብሎ ይጠራል፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ላቲን ይህ ስም ለጥቍር ሰው ሁሉ የሚነገር ነበረ። እንዲሁም ዛሬ ጋና ከሚባለው አገር በልጅነቱ ወደ ጀርመን የተወሰደው አንቶን ቪልሄልም አሞ በ1729 ዓ.ም. በሃለ ዩኒቨርሲቲ ስለ ጥቍሮች መብት በአውሮፓ በላቲን ተከራከረ፤ በ1734 ዓ.ም. በቪተንበርግ የፍልስፍና ጽሑፉን በዚሁ ቋንቋ አቅርቦ በኋላ በሃለና በየና አስተማረ።

ይሁን እንጂ ይኸው ቋንቋ ለአንዳንዱ ድልድይ ሲሆን ለብዙው ሰው ቅጥር ነበረ። ለሴቶች ልጆችና ለድኾች የላቲን ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ዝግ ስለ ነበረ ዩኒቨርሲቲም ለነርሱ ዝግ ሆነ። ላውራ ባሲ በ1732 ዓ.ም. በቦሎኛ 49 አንቀጾችን በላቲን ተከራክራ ማዕርግ መቀበሏና መምህርት መሆኗ በመላው አውሮፓ እንደ ድንቅ ነገር መነገሩ የቅጥሩን ከፍታ ያስረዳል።

ላቲን ራሱን ችሎ ስለ ውበቱ የሚጠና ትምህርት መሆን የጀመረው በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ ነው። ፔትራርካ በ1345 ዓ.ም. በቬሮና ከተማ የሲሴሮን ደብዳቤዎች ካገኘ በኋላ፥ ሊቃውንቱ የዩኒቨርሲቲውን ላቲን ከጥንቱ ጋራ እያነጻጸሩ ሻካራ ነው ብለው ነቀፉት። ሎሬንሶ ቫላ በ15ኛው መቶ ዓመት ስለ ላቲን ቋንቋ አነጋገር ውበት የጻፈው መጽሐፍ የመምህራን ሁሉ መመሪያ ሆነ። በ1517 ዓ.ም. በሉቨን ከተማ፥ ሂየሮኒሙስ ቡስሌይደን በኑዛዜ በተወው ገንዘብ፥ ላቲን፥ ጽርዕና ዕብራይስጥ የሚሰጥበት የሦስት ቋንቋ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። በስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎችም የላቲን መምህር «የሰብአዊነት ትምህርት ፕሮፌሶር» እየተባለ ተጠራ።

ይህ መታደስ ለትምህርት ብዙ ብርሃን ሰጠ፤ ነገር ግን አንድ አደጋ አብሮት መጣ። አንዳንዶቹ በሲሴሮ መጽሐፍ ያልተገኘ ቃል አንጽፍም እስከ ማለት ደረሱ። ኤራስሙስ በ1528 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ በነዚህ ሰዎች ተሣለቀባቸው፤ ሲሴሮ ክርስቲያን ስላልነበረ የክርስትናን ነገር በርሱ ቃል ብቻ ለመናገር የሚሻ ሰው የአረማውያንን አማልክት ስም ለመዋስ እንደሚገደድ አሳየ። ኤራስሙስ አደጋውን አስቀድሞ አይቶት ነበር፤ ስሕተት እንዳይገባበት ከዕለት ሥራ የተለየ ቋንቋ ንጹሕ ይሆናል፥ አገልጋይነቱ ግን ይቀንሳል።

በዚህ መካከል የየአገሩ ቋንቋ ጐለመሰ። 1687 ዓ.ም. ሁለቱ ዘመናት የተገናኙበት ዓመት ነው ሊባል ይችላል። በዚያ ዓመት ኒውተን በእንግሊዝ አገር ታላቁን የፍጥረት ሕግ መጽሐፉን በላቲን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ቶማሲዩስ የትምህርቱን ማስታወቂያ በጀርመንኛ ጽፎ በጀርመንኛ እንደሚያስተምር አስታወቀ። ባልንጀሮቹ መምህራን እንደ ነውር ቈጠሩት፤ በ1690 ዓ.ም. ላይፕሲግን ትቶ ሄደ፤ ነገር ግን በ1694 ዓ.ም. የተመረቀው የሃለ ዩኒቨርሲቲ የርሱን መንገድ ተከተለ። ኒውተንም ራሱ በ1704 ዓ.ም. ስለ ብርሃን የጻፈውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣው። ጋውስ በ1801 ዓ.ም. የቍጥር ምርምሩን በላቲን ሲያሳትም የቀድሞው ልማድ ገና አልጠፋም ነበር፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የተፈጥሮ ዕውቀት ፈጽሞ ወደየአገሩ ቋንቋ ዞረ።

አንደበትነቱን ያጣው ላቲን በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሌላ ሥራ አገኘ። ፍሪድሪሽ አውጉስት ቮልፍ በ1777 ዓ.ም. በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሲመዘገብ የፊሎሎጂ ተማሪ ነኝ ብሎ መጻፉ ይነገራል፤ ፊሎሎጂ ማለት የጥንት ጽሑፍን ከቋንቋው፥ ከታሪኩና ከዘመኑ ልማድ ጋራ አስተባብሮ መመርመር ነው። ቮልፍ በ1787 ዓ.ም. በሃለ ሴሚናር አቋቋመ፤ በዚያም ተማሪው መምህሩን ከመስማት አልፎ ብራናዎችን ራሱ እያነጻጸረ የሚሠራ ሆነ። ከዚህ ዐይነት ትምህርት ታላላቅ ሥራዎች ወጡ። በ1853 ዓ.ም. በቴዎዶር ሞምዘን መሪነት በበርሊን የተጀመረው የላቲን የድንጋይ ጽሑፎች ስብስብ፥ በ1894 ዓ.ም. የተጀመረውና በሙኒክ የሚዘጋጀው ታላቁ የላቲን መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ አልተፈጸሙም፤ ሠራተኛ ይፈልጋሉ።

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትም ከዚህ የላቲን ሥራ ጋራ የተያያዘ ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ከኢትዮጵያዊው ካህን ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ፤ ካህኑም በ1652 ዓ.ም. ወደ ጎታ ሄደው አብረው ሠሩ። ከዚህ ወዳጅነት የወጡት መጻሕፍት፥ የ1661 ዓ.ም. የግእዝ መዝገበ ቃላት፥ የ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ታሪክ፥ የ1698 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስው፥ ሁሉም በላቲን የተጻፉ ናቸው። አውጉስት ዲልማንም በ1865 ዓ.ም. በላይፕሲግ ያሳተመው ታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላት የግእዙን ቃል የሚፈታው በላቲን ነው። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ግእዝን የሚመረምር ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሮማይስጥ በር መድረሱ አይቀርም።

እንግዲህ ላቲን እንዲህ ያለ ሥራ ሲኖረው ሳለ በ19ኛው መቶ ዓመት መንግሥታትና ዩኒቨርሲቲዎች ሌላ ሸክም ጫኑበት። የሰውን ልጅ ከማዕርግ የሚለይ የበር ዘበኛ አደረጉት። በፕሩስያ ከ1834 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው መንገድ ላቲንና ጽርዕ የሚማሩበት የጂምናዚየም መውጫ ፈተና ብቻ ሆነ። በፈረንሳይ የሥነ ጽሑፍ ዶክቶርነት የሚፈልግ ሊቅ ከፈረንሳይኛው ጽሑፍ ሌላ ሁለተኛ ጽሑፍ በላቲን ማቅረብ ነበረበት፤ ቤርግሶን በ1889 ዓ.ም. ስለ አርስጣጣሊስ፥ ዱርካይም በ1892 ዓ.ም. ስለ ሞንቴስክዩ በላቲን የጻፉት ስለዚህ ነው። በኦክስፎርድና በካምብሪጅም ሒሳብ ወይም ኬሚስትሪ ለመማር የሚመጣው ወጣት ሳይቀር የላቲን ፈተና ማለፍ ነበረበት።

በዚህ ጊዜ የሆነውን ነገር አስተዳዳሪ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ቋንቋውን ከሚማሩት ብዙዎቹ ፈተናውን እስኪያልፉ ይማሩታል፤ ካለፉ በኋላ መጽሐፉን ዳግመኛ አይከፍቱትም። መምህሩም የሚያስተምረው መጽሐፍ ማንበብን ሳይሆን ፈተና ማለፍን ሆነ። የተማሪው ቍጥር በመዝገብ ላይ ብዙ ነበረ፤ የአንባቢው ቍጥር ግን ከዚህ ጋራ አልተካከለም። በሩን ከበው የቆሙትም፥ የተፈጥሮ ዕውቀት ሰዎች፥ የንግድና የሥራ ትምህርት ቤቶች፥ ላቲን ያልደረሰበት ሕዝብ ልጆች፥ ቋንቋውን እንደ ሀብት ማየት ትተው እንደ ጠላት አዩት።

ስለዚህ ግዴታው በየአገሩ በተራ ተነቀለ። በፕሩስያ በ1900 ዓ.ም. ላቲን የማያስተምሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በመሠረቱ ከጂምናዚየም እኩል መብት አገኙ። በፈረንሳይ የላቲን ድርሰት በ1880 ዓ.ም. ከባካሎሬያ ፈተና ወጣ፤ የላቲን የዶክቶርነት ጽሑፍም በ1903 ዓ.ም. ግዴታ መሆኑ ቀረ። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በ1960 ዓ.ም. የላቲንን ግዴታ ለማንሣት ወሰኑ። በነዚህ አገሮች የላቲን ወዳጆች ያለቀሱት ስለ ቋንቋው ነበር፤ ነገር ግን የወደቀው ዘበኛው ነበረ።

ትእዛዝ ብቻውን ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በሮማ ቤተ ክርስቲያን የሆነው ነው። ፓፓ ዮሐንስ 23ኛ በየካቲት ወር 1962 ዓ.ም. «ቬቴሩም ሳፒየንሲያ» የተባለውን ደንብ አወጡ፤ በካህናት ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ዋና ዋናዎቹ የመለኮት ትምህርቶች በላቲን እንዲሰጡ፥ በላቲን ማስተማር የማይችሉትም መምህራን በጊዜው በሌሎች እንዲተኩ አዘዙ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የተከፈተው የቫቲካን ጉባኤም በላቲን ይመክር ነበር። ይሁን እንጂ በ1963 ዓ.ም. ጉባኤው በየአገሩ ቋንቋ እንዲቀደስ መንገድ ከፈተ፤ ጥቂት ዓመታትም ሳያልፉ የሮማ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው በላቲን ማስተማርን ተዉ። ትእዛዙ የወጣው ከትልቅ ሥልጣን ነው፤ የጐደለው በላቲን አሳምሮ የሚያስተምር መምህርና በላቲን መስማት የሚችል ተማሪ ነበረ። ከዚህ በኋላ ፓፓ ጳውሎስ 6ኛ በ1964 ዓ.ም. የላቲን መምህራን የሚሠለጥኑበት ተቋም ማቋቋማቸው፥ ፓፓ ቤኔዲክቶስ 16ኛም በ2012 ዓ.ም. የላቲን አካዳሚ መመሥረታቸው መምህር ማፍራት ከትእዛዝ መቅደም እንደሚገባው ያሳያል።

ግዴታው ከተነሣ በኋላ ላቲን አልሞተም። በእንግሊዝ አገር ሊቃውንቱ እያዘኑ ከመቀመጥ ይልቅ የማስተማሪያውን መንገድ መረመሩ። በ1966 ዓ.ም. በካምብሪጅ የተጀመረው ሥራ በ1970 ዓ.ም. አዲስ የላቲን መማሪያ መጽሐፍ አወጣ፤ ይህም ተማሪውን በደረቅ እርባታ ብቻ ከማስጀመር ይልቅ ከመጀመሪያው ቀን ታሪክ እያነበበ ሰዋስውን እንዲለይ ያደርገዋል። ዛሬ በኦክስፎርድና በካምብሪጅ አንድም የላቲን ቃል ሳያውቅ የሚገባ ተማሪ ከፊደል ጀምሮ ተምሮ በጥንት ሥነ ጽሑፍ መመረቅ ይችላል። ቀድሞ ከውጭ ሆኖ የሚጠይቀው ዘበኛ አሁን በቤቱ ውስጥ የሚያስተምር አስተናጋጅ ሆኗል።

ችግር የለም ማለት ግን አይደለም። በአሜሪካ በ2021 ዓ.ም. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የጥንት ሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪዎቹ ላቲን ወይም ጽርዕ ሳያውቁ እንዲመረቁ ፈቀደ፤ በዚያው ዓመት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይህን የትምህርት ክፍል መዝጋቱን አስታወቀ፤ በጥቍሮች ታሪካዊ ዩኒቨርሲቲዎች መካከልም እንዲህ ያለ ክፍል የነበረው እርሱ ብቻ ነበር። በእንግሊዝ አገርም መንግሥት በ40 የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ላቲን ለማስፋፋት በ2021 ዓ.ም. ያስታወቀው ዕቅድ ገንዘቡ ተቋርጦ በየካቲት 2025 ዓ.ም. ቆመ፤ በዓመት መካከል መቆሙም ፈተና ሊፈተኑ የተዘጋጁትን ልጆች አስቸገረ። ከዚህ የሚታየው፥ መንግሥት የጀመረውን የቋንቋ ትምህርት በዓመት በዓመት ሊቈርጠውና ሊቀጥለው እንደማይቻል ነው። አንድ የላቲን መምህር ለማፍራት ብዙ ዓመት ያስፈልጋል፤ ለመበተን ግን አንድ ደብዳቤ ይበቃል።

አንዳንድ ሰዎች ግዴታው ባይነሣ ኖሮ ላቲን እንደ ቀድሞው በኖረ ነበር ይላሉ። ቃላቸው ከፊል እውነት አለው፤ ግዴታው ሲነሣ ብዙ ወንበሮች ባዶ ሆነዋልና። ነገር ግን ግዴታው የተነሣው ቋንቋው አስቀድሞ ሥራውን ስላጣና ሸክሙ ስለ ከበደ መሆኑን መርሳት አይገባም። ሥራ ባለበት ስፍራ ግዴታም ቢኖር ሳያስመርር ይኖራል። የዕፀዋት ሊቃውንት አዲስ ያገኙትን ተክል በላቲን እንዲገልጹት ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ ደንባቸው ያስገድዳቸው ነበር፤ እስከ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስም ቆይቶ ከዚያ ወዲህ በእንግሊዝኛም እንዲሆን ተፈቀደ። የተክሉ ስም ግን ዛሬም በላቲን ሥርዓት ይሰየማል፤ ለሁሉ አገር አንድ ስም ስለሚያስፈልግ ነው።

ይቅር የሚሉትም ወገኖች ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የአውሮፓ ሕግ፥ ርስት፥ ሃይማኖትና ዕውቀት የተጻፈበት ቋንቋ አንባቢ ካጣ፥ እነዚያን መዛግብት ማን ይመረምራቸዋል? ሌላው ሰው ተርጕሞ በሰጠው ብቻ የሚኖር ሕዝብ የገዛ ታሪኩን በሰው ዐይን ያያል። ለዚህ ሥራ የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ላቲን እንዲያውቅ አያስፈልግም፤ ጥቂቶች በሚገባ እንዲያውቁ፥ የሚሹትም ሁሉ በሩ ክፍት ሆኖ እንዲያገኙት ይበቃል።

ይህ ታሪክ ለግእዝ ጠባቂዎች ግልጽ ምክር አለው። ግእዝ ከላቲን ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ቅዳሴው፥ ዜማውና ቅኔው በሕያው አፍ ይነገራሉ፤ ሥራውን አላጣም። ዲልማን በ1865 ዓ.ም. በላቲን የፈታውን ቋንቋ፥ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደክመውበት፥ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር ለኅትመት ያበቁት መዝገበ ቃላት በአማርኛ ፈትቶታል። ይህን ሥራ ዐዋጅ አላስገኘውም፤ መምህር ለደቀ መዝሙር፥ ደቀ መዝሙርም ለተከታዩ አደራ እያስተላለፈ የፈጸመው ነው። የትምህርት ሹማምንት ስለ ጥንት ቋንቋ ሲመክሩ ስንት ተማሪ ይገደድ ከማለት አስቀድመው፥ ስንት መምህር ሠልጥኗል፥ ደመወዙ እስከ መቼ ተረጋግጧል፥ ከመማሪያው መጽሐፍ በኋላ የሚነበብና የሚመረመር ምን ብራና ተዘጋጅቷል ብለው ሊጠይቁ ይገባቸዋል። ካህናቱም በበኩላቸው ቅጥሩን ከፍ ከማድረግ ይልቅ በሩን ሰፋ አድርገው፥ ሴት ልጅም ሆነች ከሌላ ወገን የመጣ ተማሪ ዕውቀቱን ሲሹ ሳይሳቀቁ እንዲያገኙት ቢያደርጉ፥ ሮማይስጥ ዘግይቶ የተማረውን ትምህርት ግእዝ በጊዜው ይጠቀምበታል።